አሥራ ሦስተኛው ግንባር

ይህን ታሪክ ከሰብለ አፍ የሰማችሁ ካላችሁ መጀመሪያ ላርመው። ሰብለ ስታወራው መብራት ይጠፋል፣ በር ይንኳኳል፣ እኔም እየጮህኩ ደረጃ እወርዳለሁ። መብራት አልጠፋም። በርም አልተንኳኳም። እኔ ደግሞ በሕይወቴ የጮህኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሰባት ዓመቴ። የሆነው ሁሉ የሆነው በጠራራ ፀሐይ፣ ከምሳ በኋላ፣ ሮም በሙቀት ዝም በምትልበት ሰዓት ነው። ለእኔ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። በጨለማ ያየሁት ቢሆን ኖሮ ዓይኔን እወቅሰው ነበር።

ሊራ ቀርቶ ዩሮ ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ዕድሜዬ ሠላሳ ስድስት። ወልዲያ አጠገብ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ትምህርት ሮም ላይ በማታ ቀጥዬ፣ የእኛን ስምንተኛ ክፍል የሚያህለውን ፈተና በዚያው ክረምት መግቢያ አልፌ ነበር። መስከረም ላይ፣ ሰኞ፣ የማታውን ሁለተኛ ደረጃ እጀምራለሁ። ከዚያ በፊት ግን ዓርብ ከሰዓት አንድ ቀጠሮ ነበረኝ፤ የግንባሬን ንቅሳት በሌዘር ላስጠፋ።

እናቴ፣ አክስቶቼ፣ የሰፈራችን ሴቶች በሙሉ ግንባራቸው ላይ መስቀል አላቸው። እኔ ያለኝ ነጥብ ነው። ምስር የምታህል አንዲት ነጥብ፣ በሁለቱ ቅንድቦቼ መሃል። ነቃሿ ሴትዮ መስቀሉን የምትጀምረው ከመሃሉ ነበር። መሃሉን እንደወጋች ጮህኩ፤ መስቀሉም እዚያው ቀረ። «ጀምራ የማትጨርስ» የሚለው ቅጽል ያኔ ወጣልኝ። ትምህርት ሳቋርጥ ደግሞ «ምን ይገርማል፣ ግንባሯ ላይ ተጽፎ የለ!» ተባለ። ቶር ፒኛታራ በሚባለው ሰፈር ከምንኖርበት ቤት ሥር ያለው ባንግላዴሻዊ ባለሱቅ እንኳ ነጥቧን አይቶ የአገሩ ሴት እየመሰልኩት በቋንቋው ያናግረኝ ነበር። ሻሼን እስከ ቅንድቤ ዝቅ አድርጌ ማሰር የለመድኩት ለዚህ ነው። ያላለቀ ነገር አልወድም። የመጽሐፍ ገጽ እንኳ አንቀጽ ሳልጨርስ አላጥፍም። አዲሱን ክፍል በንጹሕ ግንባር ልገባው ፈለግሁ።

አብራኝ የምትኖረው ሰብለ ባዳንቴ ናት፤ አንዲት አሮጊት ሲኞራ ትጠብቃለች። በዚያ ሳምንት ሚላኖ ያለች እህቷ ልትወልድ ሆነ።

«ሦስት ቀን ያዢልኝ» አለችኝ። «ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ። ሴትዮዋ አትሄድ፣ አትናገር፣ አታስቸግር። መጽሐፍሽን እያነበብሽ መዋል ነው።»

«አትናገርም ስትዪ?»

«ባሏ ከሞተ ዓመቱ፤ አፏን አልከፈተችም። አንቺን ነው የምትመስለው። ትግባባላችሁ!»

ቤቱ ከፒያሳ ቪቶሪዮ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩን የከፈተችልኝ ልጇ ዶናቴላ ናት፤ ማታ ማታ እናቷ ዘንድ እያደረች ጠዋት ሥራ ትሄዳለች። ሲኞራ ክላራ ሳሎን ውስጥ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ቀጭን፣ ነጭ፣ ዓይናቸው ብቻ የሚንቀሳቀስ።

«አሎራ፣ እንግዲህ» አለች ዶናቴላ፣ ቦርሳዋን እያነሳች። «እናቴ ያለ ሰው አትነሳም። ሌላው ሁሉ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ከቻልሽ ደግሞ የአባቴን ክፍል አቧራ አራግፊልኝ። ሰብለ እዚያ አልገባም ብላለች።»

«ለምን?»

ትከሻዋን ሰበቀች። «ድንጋይ አትወድም መሰለኝ።»

ሟቹ የተሰበረ ሐውልት ጠጋኝ ነበሩ። ክፍላቸው በኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ የመስኮቱ የእንጨት መዝጊያ እንደተዘጋ በስንጥቁ ቀጭን ቀጭን ብርሃን ይገባል። ግድግዳው ላይ ሦስት መደርደሪያ አለ። በታችኞቹ ሁለት ላይ አሥራ አንድ የድንጋይ ራሶች፣ ከላይ ለብቻው አንድ ትልቅ ራስ። ሁሉም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። የሚታየው ማጅራታቸውና የተቀረጸ ጸጉራቸው ነው።

ያኔ ምንም አልፈራሁም። ተናደድኩ እንጂ። ቸልተኛ ጽዳት ሠራተኛ አዙራ ትታው የሄደች መሰለኝ። በጀርባው የቆመ መጽሐፍ ሳይ እንደማደርገው፣ አንድ በአንድ እየወለወልኩ ወደ ክፍሉ መለስኳቸው። ለላይኛው ከወጥ ቤት መሰላል አመጣሁ። የቡድሃ ራሶች ናቸው፤ ከመማሪያ መጽሐፌ አውቄያቸዋለሁ። ዓይናቸው ግማሽ የተከደነ ነው። ከንፈራቸው ሊስቅ ሲል የተወ ይመስላል። በሁለቱ ቅንድብ መሃል ደግሞ ነጥብ አለ።

እጄ ከሥራው ቆመ። አንዱ ላይ እንደ ምስር ያበጠች፣ ሌላው ላይ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት የተጠማዘዘች። የትልቁ ግን ቀዳዳ ብቻ ነበር፤ ውስጡ የነበረ ነገር ወልቆ፣ ጠርዙ በስለት የተጫረ። ጣቴን በራሴ ነጥብ ላይ አሳረፍኩ። ልክ እዚያው ቦታ ናት።

በላብ ሻሼ ወደ ኋላ ሸሽቶ ኖሯል። እንደዚያው ሆኜ ወደ ሳሎን ስመለስ ሲኞራ ግንባሬን አዩ። የወንበሩን ክንድ ጨበጡ። ከናፍራቸው ተላቀቁ።

«ለ...ተ።»

ዓመት ሙሉ ዝም ያለ ድምፅ ነው፤ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። እኔ የሰማሁት «ላቴ» ነው፤ ወተት በጣልያንኛ። ሮጬ ሄጄ አሙቄ አመጣሁላቸው። ጽዋውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንባቸው ወረደ።

«ለተ» አሉ እንደገና።

ጨመርኩላቸው።

ማታ ለዶናቴላ ስነግራት ጃኬቷን እንደያዘች ቀረች። «እናቴ? ተናገረች? ምን ብላ?»

«ወተት ፈለጉ።»

«እናቴ ወተት አትወድም» አለች ቀስ ብላ። «በሕይወቷ ጠጥታ አታውቅም።»

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ወደዚያ ክፍል ገባሁ። አሥራ ሁለቱም ወደ ግድግዳ ዞረዋል።

ወዲያው ለዶናቴላ መሥሪያ ቤቷ ደወልኩ።

«እኔ?» አለች። «እዚያ ክፍል ከገባሁ ዓመት አልፎኛል። አንቺ ራስሽ ረስተሽ እንዳይሆን?»

እኔ አልረሳም። መሰላሉ ወጥ ቤት በር ኋላ እንዳስቀመጥኩት ነበር። ባልዲዬን አንጠልጥዬበታለሁ፤ በባልዲው ውስጥ የተውኩት ውኃ አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። የላይኛውን መደርደሪያ በመጥረጊያ እጀታ ለካሁት፤ ቆሜ ክንዴን ብዘረጋ ሁለት ስንዝር ያህል ይጎድለኛል። ዶናቴላ ከእኔ ታጥራለች። ሲኞራ ክላራ ደግሞ አይነሱም። ይህን ሁሉ በደብተሬ ጻፍኩት። ስፈራ መጻፍ ልማዴ ነው። ከዚያ ራሶቹን እንደገና አንድ በአንድ መለስኳቸው፤ ትልቁንም ጭምር። በዚያን ቀን ግን ጀርባዬን ሳልሰጣቸው ነው የወጣሁት።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ አለፍኩ። አባ ዮሐንስን ሽንኩርት ሲመርጡ አገኘኋቸው። አዲስ አበባ ያደጉ የካቶሊክ ካህን ናቸው፤ ሮም የመጡት የምሥራቅ ሃይማኖቶችን ሊያጠኑ ነው።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ኃጢአት እንዳይሆንብኝ እንጂ።»

«ጠይቂ። ኃጢአት ከሆነም እዚሁ ሽንኩርቱ መሃል እፈታሻለሁ።»

«የቡድሃ ግንባር ላይ ያለችው ነጥብ... ዓይን ናት?»

ሽንኩርቱን አስቀመጡት። የሚወዱት ጥያቄ ነበር። «ብዙ ሰው ዓይን ይላታል። አይደለችም፤ ጸጉር ናት። ኡርና ይሏታል። በቅንድቦቹ መሃል የተጠቀለለች ነጭ ጸጉር፤ የታላቅነቱ ምልክት። ከእሷ ብርሃን ይወጣል ይላሉ። ድንጋይ ላይ ጸጉር ማውጣት ሲያስቸግር ቀራጩ ነጥብ ያደርጋታል። ወይም ይበሳና የሚያበራ ነገር ይከትባታል።»

«እንግዲያው ነጥቧ ያላለቀች ሥዕል ናት።»

«ኧረ! ሙሉ ናት። እዚያችው ላይ ታልቃለች።» ከዚያ ሻሼን አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።»

«ምንም አባ። እንቅልፍ ነው።»

በዚያን ቀን ሲኞራን ምሳ አብልቼ፣ መድኃኒታቸውን ሰጥቼ፣ ዓይናቸውን ሲከድኑ አይቼ ወደ ክፍሉ ገባሁ። ራሶቹ ረቡዕ እንደተውኳቸው ነበሩ። ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሁለት ፊት። ሙቀቱ ስለከበደኝ ሻሼን ፈታሁ፣ ከመደርደሪያው ጫፍ ወንበር አስጠግቼ ተቀመጥኩና መጽሐፌን ገለጥኩ። የሚያዞራቸውን ሰው ሳላይ አልወጣም አልኩ።

ስንት ገጽ እንዳነበብኩ ልነግራችሁ እችላለሁ፤ አንድ። እሷንም ደጋግሜ።

ከዚያ ከኮሪደሩ ሸርተት የሚል ድምፅ መጣ። ቆመ። ሸርተት። ቆመ።

ሲኞራ ክላራ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየዳሰሱ፣ በባዶ እግራቸው ገቡ። ወደ እኔ አላዩም። ወደ መጀመሪያው ራስ ሄዱ፣ አውራ ጣታቸውን ግንባሩ ላይ፣ ነጥቧ ላይ፣ የሰው ዓይን እንደሚከድን ሰው አሳረፉ፣ «ስኩዛሚ» አሉ፤ ይቅርታ እንደማለት ነው። ከዚያ ወደ ግድግዳ አዞሩት። ድንጋዩ በእንጨቱ ላይ ሲፋቅ ጥርሴን አጠረሰኝ። ሁለተኛው። ሦስተኛው። አሥራ አንዱንም እንዲሁ። ከላይ ወዳለው ግን ቀና እንኳ አላሉም።

«እሱ ራሱ ይዞራል» አሉ።

ለማን እንዳሉት አላውቅም። ቀና አልኩ። ትልቁ ራስ ማጅራቱን ሰጥቶኛል።

ስገባ ቆጥሬአለሁ አልኳችሁ። አሥራ ሁለት ፊት ነበር። እኔ ከወንበሩ አልተነሳሁም፣ እሳቸውም አልደረሱበትም። ስለዚህ ነገር ከዚህ የበለጠ የምለው የለኝም።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። ከመደርደሪያው ጫፍ የተቀመጥኩ አሥራ ሦስተኛዋ ነበርኩ። አውራ ጣታቸው ግንባሬ ላይ ሲያርፍ እንደ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። በሌላ እጃቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ግድግዳ ገፋ አደረጉት።

«አንቺም ዙሪ፣ ለተ። አትዪኝ።»

ወተት አልነበረም። ስም ነበር። የእኛው ሰው ስም።

«ሲኞራ፣ ለተ ማናት?»

«አንቺ። ለተብርሃን። ከአስመራ የመጣሽው። ምልክት ያለሽ፣ እዚህ ጋ።»

ከዚያ ወዲያ የዓመቱ ዝምታ ተበጥሶ ፈሰሰ። አንዳንዱን ቃል አልያዝኩትም፤ የያዝኩትን ብቻ እጽፋለሁ። ወጣት ሙሽራ ሳሉ ነው። ባላቸው ያንን ትልቅ ራስ ሲያመጡት ግንባሩ ላይ ብርጭቆ የመሰለች ድንጋይ ነበረችበት። በመስኮት ብርሃን ሲገባ ታበራለች። ሲኞራ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የምታያቸው መሰላቸው። አንድ ቀን በመርፌ ነቀሏት። ባል ሲጠይቋቸው «ልጅቷ ናት» አሉ። ልጅቷ የቤት ሠራተኛዋ ለተብርሃን ነበረች።

«ባሌ ዕቃሽን ሲበረብር ወደ ግድግዳ ዙሪ አለሽ» አሉኝ። «እዚህ ጋ። ዞርሽ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርኩም። ከዚያ አስወጣሽ። ሻንጣሽን እንኳ አልዘጋሽውም።»

ከኪሳቸው መሐረብ አወጡ። ቋጠሮውን በጥርሳቸው ፈቱት። ምስር የምታህል ጥርት ያለች ድንጋይ ነበረች። ግንባሬ ላይ፣ ነጥቤ ላይ ተጭነው ያዟት።

«ይኸው መለስኩልሽ። ፔርዶናሚ፣ ለተ፤ ይቅር በይኝ። ፔርዶናሚ።»

«ሲኞራ፣ እኔ ለተብርሃን አይደለሁም።»

«ፔርዶናሚ።»

«አይደለሁም። እሷን አላውቃትም።»

አልሰሙኝም። ድንጋይዋን ግንባሬ ላይ እንደያዙ፣ እኔ ላይ እየተደገፉ፣ ያችን ቃል ብቻ ይጠብቃሉ። ጉዴ ፈላ። የቁም ውሸት መዋሸት አልችልበትም። በጣልያንኛ ይቅር ብላቸው ቃሉ ውስጥ «እኔ» አለበት፤ እኔ ደግሞ የተበደልኩት እኔ አይደለሁም። ዝም ብላቸው ደግሞ እዚያው ወለሉ ላይ ይወድቃሉ፤ ምናልባትም አይነሱም።

ያን ጊዜ የሰፈራችን ሽማግሌዎች ትዝ አሉኝ። ተጣልተው የመጡ ሰዎች አንዱ «ይቅር በለኝ» ሲል፣ ሌላው የሚመልሰው «ይቅር ብዬሃለሁ» ብሎ አይደለም። «ይቅር ለእግዜር» ነው የሚባለው። አስተውሉት። ቃሉ ውስጥ እኔ የለሁበትም፣ አንተም የለህበትም። ነገሩ ራሱ ይቅር፣ ይተው፣ ማለት ነው። ይህን ማንም ስለ ማንም ቢል ሐሰት አይሆንበትም።

«ይቅር ለእግዜር» አልኳቸው፤ በአማርኛ።

ቀና ብለው ዓይኔን አዩኝ። አማርኛ አይሰሙም፤ ግን ከከንፈሬ ለቀሙት። «ይቅር?»

«ይቅር።»

«ይቅር... ይቅር...» እያሉ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን፣ ድንጋይዋን እጄ ላይ ለቀቁ። ደግፌ በእኔ ወንበር አስቀመጥኳቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መሰላሉን አመጣሁ። ትልቁን ራስ አወረድኩ። በቀለጠ ሻማ ጠርዟን ቀብቼ ድንጋይዋን ቀዳዳው ውስጥ ስከታት ጥብቅ አለች፤ ጫፍ እንኳ አልተረፋትም። ወደ ክፍሉ አዙሬ ቦታው መለስኩት። የመስኮቱን መዝጊያ ከፈትኩ። ብርሃኑ ሲያርፍባት ያየሁትን አልጽፍም፤ ድንጋይ ነው፣ ያበራል።

ማታ ሁሉንም ለዶናቴላ ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች። «ሐኪሙ እግሯ አልታመመም ይል ነበር» አለችኝ። «መነሳት ነው ያቆመችው ይል ነበር።» ስለ ላይኛው መደርደሪያ ስነግራት ግን ወሬ ቀየረች።

ቶር ፒኛታራ ከደረስኩ በኋላ ወደ ስልክ ቤት ገባሁና ወልዲያ ደወልኩ። እናቴን ከጎረቤት ጠሩልኝ።

«እማ፣ ግንባሬን ስነቀስ ጮኼ አይደል መስቀሉ የቀረው?»

«እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ደኅና ነሽ?»

«ደኅና ነኝ። ጮኼ አይደል?»

«ያልጮኸ ማን አለ? እኔም ጮኼአለሁ። እጅና እግር ይዘው ነው የሚጨርሱት።»

«ታዲያ የእኔ ለምን አላለቀም?»

«እኔ ነኛ። ይዤሽ ሳለሁ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ሆዴ አልቻለም። ነቃሿን ‹ይቅር፣ በቃ ይቅር› አልኳት። ተቆጣች፤ ‹ያላለቀ ነገር ይዛ ልትኖር ነው?› አለች። ‹ትኑር፣ እንዲሁም ታምራለች› አልኳት።»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳትነግሪኝ!»

«አልጠየቅሽኝማ።»

ዓርብ ጠዋት ቀጠሮዬን ሰረዝኩ። ጸሐፊዋ ምክንያት ጠየቀችኝ፤ በጣልያንኛ ብዙ ዓረፍተ ነገር ፈጀብኝ። በእኛ ቋንቋ ቢሆን አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። ሰኞ ክፍል የገባሁት ሻሼን ከቅንድቤ ከፍ አድርጌ ነው። ከኋላዬ የተቀመጠች ልጅ ምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ «እናቴ የተናገረችው ቃል ነው» አልኳት።

ሰብለ ከተመለሰች በኋላ ራሶቹ ዳግመኛ አልዞሩም። እኔ ስለለመንኳት በየቀኑ ከበሩ ላይ ሆና ትቆጥርልኝ ነበር፤ እያማተበች። ሲኞራ ክላራ የገና በዓል ከመድረሱ በፊት ዐረፉ።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ላስፈራችሁ አይደለም። ያላለቀ ያልኩትን የራሴን ነገር ያለቀ ሆኖ አገኘሁት፤ ሲኞራ ያለቀ የመሰላቸው ነገር ግን አላለቀም። «ይቅር ለእግዜር» ማለት ቻልኩ እንጂ በለተብርሃን ስም ይቅር አላልኩም። አልችልምም። አባ ዮሐንስን ይዤ በሮም ያሉ አሮጊቶቻችንን ሁሉ ጠይቄአለሁ፤ የሚያውቃት አላገኘሁም። ዛሬ በሕይወት ካለች አርጅታለች። ከሌለችም ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ይኖራታል፤ ምናልባትም «አያትሽ ሮም ላይ ሌባ ተብላ ነው የተባረረችው» የሚል ነገር ሰምቶ ያደገ። ግንባሯ ላይ ምልክት ያላት፣ በወጣትነቷ ከአስመራ ሮም የመጣች፣ ሻንጣዋን ሳትዘጋ ከአንድ ቤት የወጣች ለተብርሃን የምትባል ሴት የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህን አንብቡላት።

ድንጋይዋን አልወሰድሽም። የወሰዱት በአፋቸው ተናግረዋል፤ እኔም ሰምቻለሁ። አሁን ከዚያ ግድግዳ ዙሪ።